ከጋለሪው ደጅ፣ ከግድግዳው ሥር

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሥዕል ናቸው። ደስ ብሎኛል። ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ፤ 22 ዓመት የማስታወቂያ ሰሌዳና ግድግዳ ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰዓሊ ነኝ አልልም። ቀለም ግን አውቃለሁ፣ ግድግዳም አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ ለከተማ በእግሬ እየዞርኩ የሰው ሥራ ማየት ከጀመርኩም ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከቢሮዬ አጠገብ አንድ ጋለሪ አለ። አዲስ ዐውደ ርእይ በተከፈተ ቁጥር መስታወቱ ላይ አነባለሁ፤ በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ምን ፈለግሽ ብትለኝ ምን እላታለሁ? የምገዛበት ገንዘብ የለኝም። ስለ ሥዕልም ምንም አላውቅም። ምን ይሻለኛል?» (ከበር የምትመለሰዋ)

ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። በመጀመሪያ የገንዘቡን ፍርሃት ላንሳልሽ። የሚሸጥ ጋለሪ የሚተዳደረው ከሽያጭ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የመግቢያ አያስከፍልም። ሰው ገብቶ ማየቱ ለእነሱም ይጠቅማል፤ ማንም ያላየውን ሥዕል ማንም አያወራለትም። ልጅቷ ምን ፈለግሽ ካለችሽ «ሥዕሎቹን ላይ ነው» በያት። በቃ። ከዚያ በላይ የምትጠይቅሽ ነገር የለም።

አላውቅም ያልሽው ደግሞ አሳዘነኝ፤ ምክንያቱም እናውቃለን የሚሉትም ብዙ አያዩም። በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች ሥዕል ፊት ምን ያህል እንደሚቆሙ ሰዓት ተይዞባቸው ነበር። በ2001 የወጣው ውጤት በአማካይ 27 ሰከንድ ነው። ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነቡበት ጊዜ እንኳ እዚያው ውስጥ ተቆጥሮ ነው። እንግዲህ አንቺ አምስት ደቂቃ ብትቆሚ ከማን ታንሻለሽ?

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። መጀመሪያ አዳራሹን ሳልቆም አንድ ዙር እዞራለሁ። ምንም አላነብም። ዙሩን ስጨርስ አንዱ ሥዕል ዓይኔ ላይ ቀርቶ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ ስለወደድኩት ነው፤ አንዳንዴ ስላናደደኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ። ከሩቅ አየዋለሁ፤ ከዚያ የብሩሹ ፀጉር የሄደበት መስመር እስኪታየኝ እጠጋለሁ። ቀለሙ የት ላይ ወፍሯል? ሸራው ባዶውን የቀረበት ቦታ አለ? ሰዓሊው አንዱን እጅ ሠርቶ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና የሠራበት ጥላ ይታያል? ጎን ያለችውን ጽሑፍ የማነበው መጨረሻ ላይ ነው።

እዚያች ጽሑፍ ላይ ልኬቱን አትዝለይው። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጻፈው ቁመቱ ነው። ሞና ሊዛ 77 በ53 ሴንቲሜትር ናት። ማድሪድ ያለው የፒካሶ ጉዌርኒካ 349 በ776 ሴንቲሜትር ነው። ስልክሽ ላይ ግን ሁለቱም መዳፍሽ ያህላሉ። አንዷ ደረትሽ ላይ የምትታቀፍ፣ ሌላው ከጫፍ እስከ ጫፉ ለመድረስ ደህና አድርጎ የሚያራምድሽ መሆኑን የምታውቂው ፊታቸው ስትቆሚ ብቻ ነው።

የመክፈቻው ምሽት ላይ ባትሄጂ እመርጣለሁ። የምታዪው የሰው ጀርባ ነው። በሥራ ቀን፣ ከምሳ ሰዓትሽ 20 ደቂቃ ቆርጠሽ ግቢ። ከሥዕሉ አጠገብ ቀይ ነጥብ ከተለጠፈ ተሽጧል ማለት ነው። የዋጋ ዝርዝር ማየት ከፈለግሽ ጠይቂ፤ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ ገዢ መሆን የለበትም። ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሺና ያንኑ ሥዕል እዪው። ምን እንደተለወጠ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። አውቶቡስ የምጠብቅበት ፌርማታ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ነበረ፤ አንዲት ልጅ የወረቀት ጀልባ ስታጥፍ። አራት ዓመት ጠዋት ጠዋት አይቻታለሁ። ባለፈው ሰኞ ስሄድ ግድግዳው ግራጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ሰው የሞተብኝ ያህል ከፋኝ። እንዲህ ማድረግ ይፈቀዳል? ሥዕሉስ የማን ነበር?» (ተሳፋሪው መምህር)

መምህር፣ ሐዘንዎ ገብቶኛል። ከመመለሴ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እኔም እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቻለሁ።

24 ዓመቴ ነበር። አንድ ድርጅት የሳሙና ማስታወቂያ እንድጽፍለት ተዋዋለኝ። ያሳዩኝ ግድግዳ ላይ ሥዕል ነበረበት። ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት መስኮት ስትከፍት። ማን እንደሣላት አልጠየቅኩም። በነጭ ፕላስቲክ ቀለም አንደኛውን እጅ፣ ማለት አንደኛውን ዙር፣ ቀባሁባት። ሲደርቅ ሻሹ ሮዝ ሆኖ ብቅ አለ። አንዳንዱ ቀይ እንዲህ ነው፤ ነጭ ሲያርፍበት ወደ ላይ ይተፋል። ሁለተኛ እጅ ደገምኩ። አሁንም ፈዞ ይታያል። በሦስተኛው ጠፋች። ከመሰላሉ ስወርድ አንዲት እናት ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያዩኝ ነበር። «ልጄ፣ ምን አደረገችህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። የሳሙናው ማስታወቂያ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይቆይ እሱም በሌላ ተሸፈነ።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ግድግዳው የባለቤቱ ነው፤ ሥዕሉ ግን የሠዓሊው የፈጠራ ሥራ ነው። ጠቡ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በኒውዮርክ ኩዊንስ የታወቀውን ነገር ልንገርዎት። ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባል የቀድሞ ፋብሪካ ነበረ። ግራፊቲ ሠዓሊዎች በባለቤቱ ፈቃድ ግድግዳውን ለዓመታት ይሥሉበት ነበር። በ2013 ባለቤቱ ሕንፃውን አፍርሶ አፓርታማ ሊሠራ አሰበና በአንድ ሌሊት ሥዕሎቹን ነጭ አስቀባቸው። ሠዓሊዎቹ ከሰሱ። አሜሪካ ውስጥ በ1990 የወጣ የሠዓሊዎችን መብት የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ ዕውቅና ያገኘ ሥራን ሆን ብሎ ማጥፋት ይከለክላል። በ2018 ዳኛው ለ21 ሠዓሊዎች 6.7 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላቸው። ሥዕሎቹ ግን አልተመለሱም።

ተቃራኒውም ደርሷል። ብሉ በሚል ስም የሚታወቀው ጣሊያናዊ ሠዓሊ በርሊን ክሮይትስበርግ ውስጥ ሁለት ግዙፍ ሥዕሎች ነበሩት። ቱሪስት ሁሉ ፎቶ የሚነሳባቸው ነበሩ። አካባቢው ለግንባታ ሲፈለግ፣ በ2014 ታኅሣሥ፣ በራሱ ፈቃድ ጥቁር እንዲቀቡ አደረገ። የአካባቢው ሰው እየተፈናቀለ ሥዕሉ ለአዲሶቹ ሕንፃዎች ጌጥ እንዲሆን አልወደደም። ይህን ሳነብ ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። ሥዕልን ማጥፋትም መናገር ሊሆን ይችላል ለካ። ማን አጠፋው የሚለው ግን ወሳኝ ነው።

እዚያው በርሊን ሌላ መልክም አለ። ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ የነበረው የበርሊን ግንብ ቅሪት የሆነው ኢስት ሳይድ ጋለሪ 1,316 ሜትር ይረዝማል። በ1990 ከ21 አገሮች የመጡ 118 ሠዓሊዎች ሣሉበት። ፀሐይ፣ ዝናብ፣ የመኪና ጭስና ስሙን የሚጽፍ መንገደኛ ተባብረው አበላሹት። በ2009 ግድግዳው ሲታደስ ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ሥራቸውን እንደገና እንዲሥሉ ተጠሩ። የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ብሬዥኔቭና የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ሆኔከር አፍ ላይ ሲሳሳሙ የሚያሳየውን የሠራው ዲሚትሪ ቭሩቤልም ተመልሶ ሥዕሉን ደገመው። ዛሬ የሚታየው ሁለተኛው ነው። አንዳንዶች ይህ ያው ሥዕል አይደለም ይላሉ። እኔ ያው ነው ባይ ነኝ፤ ያው እጅ፣ ያው ግድግዳ።

እንግዲህ መምህር፣ ፌርማታው አጠገብ ሱቅ ካለ ባለሱቁን ይጠይቁ። ማን እንደሣለው፣ ማን እንዳስቀባው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው እዚያ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ነው። አብዛኞቹ ሠዓሊዎች ታች ጥግ ላይ ስማቸውን ይተዋሉ፤ የድሮ ፎቶ ካለዎት አጉልተው ይዩት። ስሙን ካገኙ ይጻፉለት። አራት ዓመት ጠዋት ጠዋት እንዳዩዋት ይንገሩት። ለሠዓሊ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቀላል ነገር አይደለም።

ታሪክ ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ ደግሞ አንድ ሥራ ልስጥዎት። በሰፈርዎ የቀሩትን ግድግዳዎች ፎቶ ያንሷቸው። ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን መንገዱን፣ የመብራት ምሰሶውን፣ የሚያልፈውን ሰው ጭምር። ቀኑንም ከጀርባው ይጻፉ። በየስድስት ወሩ እዚያው ቦታ ቆመው ይድገሙት። ቀዩና ቢጫው ቀድመው ሲደበዝዙ፣ እርጥበቱ ከሥር ሲወጣና ቀለሙ እንደ ቅርፊት ሲነሳ ያያሉ። እኔ ይህን ሳላደርግ በመቅረቴ እቆጫለሁ። የባለ ቀይ ሻሿ ፎቶ ቢኖረኝ ዛሬ ከፍዬም አሠራት ነበር።

«ሁለት ጓደኛሞች ነን። በአንድ ቅዳሜ ከተማችን ውስጥ ያለውን ጋለሪና ግራፊቲ ሁሉ አይተን መጨረስ እንፈልጋለን። መኪና ተበድረናል። በየት እንጀምር? ደግሞ ዝም ብሎ ስም መሞነጫጨር ሥዕል ይባላል እንዴ?»

መኪናውን መልሱ። ከመኪና ሆኖ የሚታየው ትልልቁ ብቻ ነው። ትንንሾቹ፣ የቧንቧ ጥግ ላይ ያሉት፣ በቅድ ወረቀት የተነፉት፣ የተለጠፉት ያመልጧችኋል። አንድ ጋለሪና አንድ ረጅም መንገድ ይበቃችኋል። ለመንገዱ ጠዋቱን ስጡት። ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ ጠዋት ይደምቃል፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይገባበታል። ጋለሪው ፀሐይ ሲበረታ ይሁን።

የሞነጫጨሩትን ነገር ቸኩላችሁ አትፍረዱ። አንድ ፊርማ ስታዩ ቆማችሁ በጣታችሁ አየር ላይ ተከተሉት። ከየት ጀመረ? እጁ የት ፈጠነ? ቀለሙ የተንጠባጠበው እጁ ስለዘገየ ነው። አንዳንዱ በእርግጥ ግድግዳ ማቆሸሽ ነው፤ በተለይ የሌላ ሰው ሥራ ላይ ሲጻፍ በጣም ያናድደኛል። አንዳንዱ ግን ዓመታት የተለማመደ እጅ ነው። አሜሪካዊውን ሠዓሊ ኪት ሄሪንግን አስቡት። ከ1980 እስከ 1985 በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ሣለ። ማስታወቂያ ያልተከራየበት ሰሌዳ በጥቁር ወረቀት ይሸፈን ነበር። እሱ በዚያ ላይ በነጭ ጠመኔ ይሥላል። ፖሊስ ሳይደርስ መጨረስ አለበት። ስለዚህ መስመሩ አንድ ነው፤ ማጥፋት የለም፣ መደገም የለም። እኔ ፊደል ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝና አንድ መስመር ሳይንቀጠቀጥ መሳብ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቀዋለሁ። እነዚያን ጠመኔዎች ሳይ እቀናለሁ።

ፎቶ አንስታችሁ ስትለጥፉ የሠዓሊውን ስም ጻፉ። ይህን አደራ እላለሁ።

«ጋሼ፣ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ሙዚየም ይዤው ሄድኩና ሥዕሉን ሁሉ በእጁ ሊነካ ፈለገ። ጥበቃው ተቆጣን። አፍሬ ወጣሁ። ዳግም ልውሰደው ወይስ እስኪያድግ ልተወው?»

እህቴ፣ ውሰጂው። ልጁ ትክክል ነው፤ ሥዕል የሚነካ ነገር ነው የሚመስለው። ግን ምክንያቱን ንገሪው። ጣታችን ላይ ቅባትና ላብ አለ። አንድ ሰው ሲነካ አይታይም፤ ሺህ ሰው ሲነካ ቀለሙ ይጎዳል። ልጆች «አይነካም» ከሚለው ይልቅ ይህን ይሰማሉ። እጁን ከኋላው አጣምሮ እንዲያይ አስተምሪው፤ እኔም እንዲሁ ነው የማየው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ደህና ሆኖ የቆየ፣ ቀለሙ የማይላላጥ የመንገድ ግድግዳ ጋ ይዘሽው ሂጂ። እዚያ መዳፉን ያሳርፍ። የሲሚንቶውን ሻካራነት፣ ቀለሙ የተደራረበበትን ልስላሴ ይወቀው። ትልቁን ፊት ከሩቅ ካየ በኋላ ከሥሩ ቆሞ አንዱ ዓይን ብቻ ከእሱ ቁመት እንደሚበልጥ ይለካ። በሌላው ቀን ሙዚየም ስትገቡ ደግሞ ጥበቃውን ሰላም በሉት።