ካቨርኖማው አደገ ወይስ ፎቶው ተለየ?

ጥያቄ፦ ወንድሜን የሚጥል በሽታ ከጀመረው ሁለት ዓመት ሆነው። ሲቲ ስካን ሲነሳ “የጠጠረ ነጥብ አለ” ብቻ ተባለ። አምና በ1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ ነው) ኤምአርአይ በግራ ቴምፖራል ሎብ፣ ማለትም በጆሮ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል፣ 11 ሚሊ ሜትር ካቨርኖማ ተገኘ። ዘንድሮ ሌላ ቦታ በ3 ቴስላ ሲነሳ 17 ሚሊ ሜትር ሆነ። የደም ሥር ፎቶው (አንጂዮግራሙ) ደግሞ ምንም አላሳየም። አድጎ ነው? ይውጣለት?

መልስ፦ ከመደንገጥዎ በፊት ቁጥሩ በየትኛው ፎቶ ላይ እንደተለካ ይጠይቁ።

ካቨርኖማ ግድግዳቸው የሳሳ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንደ እንጆሪ ተጠጋግተው የሚፈጥሩት እብጠት ነው። ደም ጠብ እያለ ስለሚወጣው ዙሪያውን ሂሞሲደሪን የሚባል የብረት ዝቃጭ ይከበዋል። አጠገቡ ያለውን የአንጎል ቅርፊት እየቆጠቆጠ ሕመሙን ከሚያስነሱት ነገሮች ዋናው ይኸው ብረት ነው። የማሽኑን መግነጢሳዊ መስክም ስለሚያዛባ ቦታው በፎቶው ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ኤስደብሊውአይ የሚባለው የአነሳስ ዓይነት ይህን መዛባት ሆን ብሎ ያጎላል፤ ጥቁረቱ ከእብጠቱ አልፎ ይንሰራፋል፣ በ3 ቴስላ ደግሞ ይብሳል። አምና ቲ2 በሚባለው የተለመደ የአነሳስ ዓይነት፣ ዘንድሮ በኤስደብሊውአይ ተለክቶ ከሆነ 6 ሚሊ ሜትሩ የማሽኑ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሲዲ ለአንድ ራዲዮሎጂስት ይስጡና በቲ2 ብቻ፣ በአንድ አቅጣጫ ያስለኩ። በቅርቡ ደም ፈሶ ከሆነ ቲ1 በሚባለው የአነሳስ ዓይነት ላይ የሚያበራ ነጭ፣ ፍሌይር በሚባለው ላይ የዙሪያ እብጠት ሊታይ ይችላል። ይሁንና ሕመሙ ራሱ በተነሳ ሰሞን ፍሌይር ላይ ጊዜያዊ እብጠት ስለሚተው፣ ወንድምዎ መጨረሻ የወደቀበት ቀን በማዘዣው ላይ ይጻፍ።

ኤስደብሊውአይን ግን እንዳይንቁት። በሌላ ፎቶ የማይታዩ ጥቃቅን ካቨርኖማዎችን የሚያወጣው እሱ ነው፤ ብዙ ከተገኙ በዘር የሚተላለፈው ዓይነት ይጠረጠራል።

አንጂዮግራሙ ምንም አለማሳየቱ የሚጠበቅ ነው፤ በካቨርኖማ ውስጥ ደም እጅግ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ለፎቶው የሚወጋው ማቅለሚያ መድኃኒት ጎልቶ አይታይም። ሲቲውም ብቻውን አይበቃም፤ ያረጀ የቲቢ ቁስል ወይም የኮሶ ትል እጭ ከረጢትም ጠጥሮ ያንኑ ነጥብ ይመስላል።

ይውጣለት ወይ ለሚለው ፎቶው ብቻውን አይመልስም። ሕመሙ ሲነሳ በስልክ ቅረጹት፤ ከሆድ ወደ ላይ የሚወጣ ስሜት፣ ፈዝዞ መቅረት፣ አፍ ማላመጥ ከቴምፖራል ሎብ ጋር ይስማማሉ። የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራውም (ኢኢጂ) ያንኑ ጎን ካመለከተና በአግባቡ የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተወስደው ካልገቱት፣ የቀዶ ሕክምና ግምገማ ይገባዋል። ግራው ብዙ ጊዜ የንግግር ወገን ስለሆነ ከቀዶው በፊት የንግግሩን ቦታ የሚያሳይ ፈንክሽናል ኤምአርአይ ይጠይቁ። አጠገቡ እንደ ጃንጥላ ዘንግ የተሰበሰበ ደም መላሽ ሥር ከታየ ግን አይነካም፤ የጤነኛውን አንጎል ደም የሚመልሰው እሱ ነው።

ለሚቀጥለው ኤምአርአይ ማለዳ መድኃኒቱን እንዳያስቀር። ሰዎች መስቀሉን ያወልቁና ክታቡን ይረሱታል፤ ብረት ካለው እሱም ይውለቅ።