ስለ አነስተኛ ከተሞች ፍሳሽ፣ ቦይና መንገድ፦ የነዋሪዎች ጥያቄና መልስ

በውሃና ፍሳሽ ምህንድስና ሙያ በሦስት አነስተኛ ከተሞች አገልግያለሁ፤ በአንደኛው ከተማ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቅሁ በኋላ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኜ በመሠረተ ልማት ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ገንዘብ ሲጠየቅም ሆነ ገንዘብ ሲከለከል በስፍራው ነበርሁ። ከተለያዩ ከተሞች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ በማድረግ፣ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ከተማችን 45,000 የሚጠጋ ነዋሪ አላት። በየዓመቱ በምክር ቤቱ ጉባኤ «የፍሳሽ መስመር ይዘረጋል» ሲባል እንሰማለን፤ ሆኖም አንድም ቱቦ ሲቀበር አላየንም። ችግሩ ገንዘብ ነው ወይስ ፍላጎት?

መልስ፦ ሁለቱም አሉበት፤ ከሁለቱም የሚቀድመው ግን የውሃው መጠን ነው። የፍሳሽ ቱቦ የሚሠራው በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ደረቁን ነገር ገፍቶ መውሰድ ሲችል ብቻ ነው፤ ለዚህም ፍሳሹ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ በሴኮንድ 0.6 ሜትር ያህል ፍጥነት ማግኘት አለበት። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ20,000 እስከ 50,000 ነዋሪ ላላቸው ከተሞች የተቀመጠው የውሃ አቅርቦት ደረጃ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ሲሆን፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ላለው ከተማ ግን 100 ሊትር ነበር። 50 ሊትሩ በየቀኑ ሳይቋረጥ ደረሰ እንበልና (ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ አንባቢ ይቅር ይበለኝ)፣ ከዚያ ውስጥ 80 በመቶው ወደ ፍሳሽ ቢለወጥ ለአንድ ሰው 40 ሊትር ይሆናል። አብዛኛው ቤተሰብ ደግሞ የሚጠቀመው በደረቅ ጉድጓድ መጸዳጃ ስለሆነና የልብስ እጥበቱንም ውሃ ግቢው ውስጥ ስለሚደፋ፣ ይህች 40 ሊትር እንኳ ቱቦው ጋ አትደርስም። እንዲህ ባለ ከተማ 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ብንቀብር ከጥቂት ወራት በኋላ የምናገኘው የፍሳሽ መስመር ሳይሆን በደለል የተሞላ ቱቦ ነው።

አዲስ አበባን ተመልከቱ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲያስተናግድ የታቀደ ነበር፤ ሆኖም ዋናው መስመር ከተዘረጋ በኋላም ከየቤቱ የሚያገናኘው ቅጥያ ስላልተሠራ ለረጅም ዓመታት በመስመሩ ይጠቀም የነበረው ከመዲናዋ ነዋሪ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በኋላ ማጣሪያው በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲቀበል ሆኖ በአዲስ መልክ ሲገነባ የቅጥያው ሥራ አብሮ መታሰብ የነበረበትም ለዚህ ነው። መዲናዋ በዚህ ሁሉ ዓመት ያልተወጣችውን አነስተኛ ከተማ በአንድ የምርጫ ዘመን እንዲወጣው መጠበቅ አይገባም። መሆን ያለበት፣ ውሃ በብዛት የሚጠቀሙትን ሆስፒታሉን፣ ሆቴሎቹን፣ ማረሚያ ቤቱንና የጋራ መኖሪያ ቤቶቹን በየራሳቸው ወይም በጋራ ትንሽ ማጣሪያ እንዲያዘጋጁ ማድረግ፣ ለቀረው ነዋሪ ግን ጉድጓዱ በጊዜው እንዲመጠጥና የተመጠጠው በአግባቡ እንዲደፋ ማድረግ ነው። የዓለም ባንክ በ2009 ዓ.ም. ያጸደቀው የሁለተኛው የከተሞች ውሃና ሳኒቴሽን ፕሮጀክትም ከአዲስ አበባ ውጭ ለታቀፉት 22 ከተሞች በአመዛኙ የመረጠው ፍሳሽ ማንሻ መኪናውን፣ የዝቃጭ ማድረቂያውንና የጋራ መጸዳጃውን ነው።

ጥያቄ፦ ፍሳሽ ማንሻ መኪናው አንድ ነው፤ ለመመዝገብ ሳምንት፣ ለመምጣት ደግሞ ወር ይፈጅበታል። ሁለተኛ መኪና መግዛት ይህን ያህል ይከብዳል?

መልስ፦ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። በጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ በአንድ ሰው በዓመት ከ40 እስከ 60 ሊትር ዝቃጭ ይጠራቀማል። አማካዩን 50 ሊትር ብንይዝ ለ45,000 ሰው 2,250 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ አብሮ የሚመጠጠውን ውሃ ለማካተት በሦስት ብናባዛው 6,750 ሜትር ኩብ ይሆናል። 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ መኪና ይህን ለማንሳት በዓመት 844 ጊዜ ያህል መመላለስ ይኖርበታል፤ በ250 የሥራ ቀናት ሲካፈል በቀን ከ3 እስከ 4 ምልልስ ማለት ነው። ይህን አንድ ደህና መኪና ሊሠራው ይችላል። እንግዲህ ወር የምትጠብቁት መኪናው አንድ ስለሆነ ሳይሆን ቆሞ ስለሚከርም ነው።

ለምን እንደሚቆም ልንገራችሁ። እኔ በነበርሁበት ከተማ መኪናው የተገዛው በካፒታል በጀት ሲሆን፣ ጎማው፣ የመምጠጫ ፓምፑ ዘይትና የቧንቧው መቀየሪያ ግን ከመደበኛ በጀት እንዲሸፈን ተትቶ ነበር። በመደበኛ በጀቱ ደግሞ ለእነዚህ ተብሎ የተለየ መደብ አልነበረም። የመኪናው ገቢ ወደ ጠቅላላው ሒሳብ ይገባና ለደመወዝ ይውላል፤ ጎማው ሲፈነዳ ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ ተሰብስቦ ጎማው እስኪገዛ 47 ቀን ፈጀ። ስለዚህ «ሁለተኛ መኪና ይገዛልን» ከማለት በፊት «የመጀመሪያው መኪና ገቢ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ለጥገናውም ይዋል» የሚል ውሳኔ ከምክር ቤቱ ወይም ከውሃ ቦርዱ እንዲወጣ ጠይቁ። ሁለተኛው መኪና የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ፣ ለመጠባበቂያ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናው መጥቶ ግማሹን ብቻ መጥጦ ሄደ፤ ሙሉ ሒሳብ ግን ከፈልሁ። ማጭበርበር አይደለም?

መልስ፦ ማጭበርበር ሊሆን ይችላል፤ የግድ ግን አይደለም። መምጠጥ የሚባለው የአየር ግፊት ዝቃጩን ወደ ላይ ሲገፋው ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ውሃን እስከ 10 ሜትር ያህል ከፍ ሊያደርግ ሲችል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ላይ በምትገኝ ደጋ ከተማ ግን አየሩ ስለሚሳሳ 7 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ለንጹሕ ውሃና እንከን ለሌለው ፓምፕ ነው። ለወፈረ ዝቃጭ ከ2 እስከ 3 ሜትር ቢመጣ ጥሩ ነው። ጉድጓዱ 6 ሜትር ከሆነ፣ ከታች ያለው ለዓመታት ረግቶ የጠነከረ ከሆነ፣ ወይም ጨርቅና ፌስታል ተጥሎበት ከሆነ ከላይ ያለው ፈሳሽ ብቻ ይወጣል። ውሃ ጨምሮ ማማሰል ይረዳል። ክፍያው ግን በምልልስ ሳይሆን በተነሣው ሜትር ኩብ ቢሆን ለሁላችንም ይሻል ነበር።

ጥያቄ፦ የመጸዳጃው ጉዳይ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ነው ይሉናል፤ እዚያ ስንሄድ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ እንባላለን። ባለቤቱ ማን ነው?

መልስ፦ በአብዛኞቹ ከተሞች ፍሳሽ ማንሻው የውሃና ፍሳሽ አገልግሎቱ ነው፤ አገልግሎቱም የሚመራው በውሃ ቦርድ ነው። የጎርፍ ማፋሰሻ ቦዩና የውስጥ ለውስጥ መንገዱ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ደረቅ ቆሻሻው የጽዳትና ውበት፣ የግቢ መጸዳጃ ቁጥጥሩ ደግሞ የጤና ዘርፉ ነው። የአንድ ቤት ፍሳሽ በአንድ ቀን አራቱንም ሊነካ ይችላል። አቤቱታችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ብታስገቡ፣ ኮሚቴው አራቱንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የመጥራት ሥልጣን አለው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ የመጸዳጃውን ቱቦ ከመንገዱ ቦይ ጋር አገናኝቶታል። ክረምት ሲገባ በሌሊት ይለቀዋል። ብናገረው እንጣላለን፤ ዝም ብል ልጆቼ ይታመማሉ።

መልስ፦ ድርጊቱ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የተከለከለ ነው፤ ለቀበሌው ወይም ለጤና ባለሙያው ማመልከት መብትዎ ነው። ነገር ግን ልምዴን ልጨምር፦ እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ሞልቶ መኪና ያጣ ወይም ክፍያው የከበደው ነው። በአንድ ሰፈር የዕድሩ ዳኛ የስድስት ቤቶችን ገንዘብ ሰብስበው መኪናው በአንድ ቀን ሁሉንም እንዲመጥጥ ስላደረጉ፣ ቅጣት ያላስቆመው ቆሟል። አስቀድመው ይህን ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ የተመጠጠው የት ይደፋል? ገበሬዎች ለማዳበሪያ ይወስዱታል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ መደፋት ያለበት በማድረቂያ መደብ ላይ ነው። መደቡ ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ያለው ሲሆን፣ ዝቃጩ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተደርጎ ይፈስስበታል፤ ውሃው ወደ ታች ይጠልላል፣ የቀረውን ፀሐይ ያደርቀዋል። በበጋ ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር በሚሆን ጊዜ ውስጥ በአካፋ የሚነሣ ይሆናል። የደጋ ከተሞች ጣጣ ክረምቱ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ ጉድጓዶች ሁሉ የሚሞሉትና ሰው መኪና የሚሻማው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ መደቡም ፈጽሞ የማይደርቀው በነዚሁ ወራት ነው። መደቡ ጣሪያ ከሌለው ወይም የክረምቱን ዝቃጭ የሚያቆይ ኩሬ ካልተሠራለት ሾፌሩ ወንዝ ዳር መድፋቱ አይቀርም፤ ሾፌሩን ብቻ መቅጣትም ዋጋ የለውም። የግንባታ ንድፍ ለምክር ቤት ሲቀርብ «ክረምት ላይ የት ይደፋል?» ብሎ የጠየቀ አባል አንድም ጊዜ አላጋጠመኝም፤ እኔም በጊዜው አልጠየቅሁም።

ማዳበሪያውን በተመለከተ፣ የደረቀ ማለት የጸዳ ማለት አይደለም። የወስፋት ዕንቁላል በደረቀ ዝቃጭ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ አካባቢ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተከማችቶ እንዲቆይ ነው። ያን ያህል ከቆየ ለባሕር ዛፍ ወይም ለበቆሎ ማዋል ይቻላል፤ ለሰላጣና ለካሮት ግን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምጽፈው። የአገራችን ልጆች ገንዘብ አዋጥተን ለተወለድንበት ከተማ ፍሳሽ ማንሻ መኪና ልንልክ አስበናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ሐሳባችሁ የሚመሰገን ነው፤ መኪናውን ግን አትላኩ። መለዋወጫው በአገር ቤት የማይገኝ መኪና በሁለተኛው ዓመት የዶሮ ማደሪያ ሲሆን አይቻለሁ። በዚያ ገንዘብ የገበያው ቦታና የመናኸሪያው የሕዝብ መጸዳጃ ቢሠራ፣ ማስተዳደሩም ለወጣቶች ማኅበር በውል ቢሰጥ፣ ከተጠቃሚው በሚሰበሰበው ሳንቲም ራሱን ያስተዳድራል። ከመላካችሁ በፊት ከውሃ አገልግሎቱና ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የሚፈረመው ሰነድ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ውሃውን ማን እንደሚያስገባና ጉድጓዱን ማን እንደሚያስመጥጥ በግልጽ ይጻፍበት።

ጥያቄ፦ ኮብልስቶን በተነጠፈ በስድስተኛ ወሩ ለውሃ ቱቦ ተቆፈረ፤ አሁን ሰምጦ ኩሬ ሠርቷል። ይህ ለምን ይደጋገማል?

መልስ፦ መንገዱን የሚያነጥፈውና ቱቦውን የሚቀብረው ዕቅዳቸውን ስለማይተያዩ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጸድቆ 117 ከተሞችን ያቀፈው፣ በተለምዶ ዩአይአይዲፒ የሚባለው የከተሞች የተቋምና የመሠረተ ልማት ግንባታ ፕሮግራም ከተሞች የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድና የንብረት አስተዳደር ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ያስገድድ የነበረው ይህን መሰሉን ብክነት ለማስቀረት ጭምር ነው፤ ዕቅዱ ብዙ ቦታ ተዘጋጅቷል፣ በቁፋሮው ዋዜማ ግን ገልጦ የሚያየው ጥቂት ነው። መስመጡን በተመለከተ ጥፋቱ የድንጋዩ አይደለም። የተቆፈረው አፈር በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ መመለስ ሲገባው በአንድ ጊዜ ተደፍቶ፣ ላዩ ተስተካክሎ ይተዋል። ኮብልስቶን እንደ አስፋልት አይደለም፤ ተነቅሎ መልሶ ሊነጠፍ ይችላል። ማዘጋጃ ቤቱ ቆፋሪውን መሥሪያ ቤት ማስያዣ አስይዞ፣ ክረምት ካለፈበት በኋላ ሳይሰምጥ ሲገኝ ብቻ ቢመልስለት ሥራው ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ የመንገድ መብራትስ?

መልስ፦ ዘርፌ አይደለም። ምሰሶው ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ኃይሉ ከመብራት አገልግሎቱ ስለሆነ ቁጥሩን መዝግባችሁ ለሁለቱም አመልክቱ።

ጥያቄ፦ እኔ ተራ ነዋሪ ነኝ። በጀቱ ላይ ምን ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ በሐምሌ የሚደረግ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ መናገር ለቀጣዩ ዓመት ነው፤ ለያዝነው ዓመት አልፏል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የቀበሌ ውይይት ሲጠራ ይሂዱና አዲስ መንገድ ከመጠየቅ ይልቅ «ባለፈው ዓመት ለቦይ ጠረጋ፣ ለገረጋንቲ፣ ለመኪናው ጥገና ስንት ተመደበ፣ ስንት ሥራ ላይ ዋለ?» ብለው ይጠይቁ። ቦዩ ከክረምት በፊት በግንቦት ካልተጠረገ በሐምሌ መንገዱን ጎርፍ ይበላዋል፤ ለጠረጋው ያልወጣው ገንዘብ በመስከረም እጥፍ ሆኖ «የአስቸኳይ ጊዜ ጥገና» በሚል ስም ይመጣል። ምረቃ የሌለው ሥራ ስለሆነ ለጠረጋ እጁን የሚያወጣ የምክር ቤት አባል ማግኘት ከባድ ነው፤ እርስዎ ከጠየቁ ግን በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

ጥያቄ፦ ቤት እየሠራሁ ነው፤ ግንበኛው «ሴፕቲክ ታንክ» ብሎ ታች ያልተለሰነ ጉድጓድ ቆፍሮልኛል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ያ ማስረጊያ ጉድጓድ ነው። ሴፕቲክ ታንክ ታቹና ግድግዳው ውሃ እንዳያሳልፍ የተለሰነ፣ ሁለት ክፍል ያለው፣ የመጀመሪያው ክፍል ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ የሚሆን ነው፤ ማስረጊያው ከእርሱ ቀጥሎ፣ ከማንኛውም የውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይሠራል። ዝቃጩ የታንኩን አንድ ሦስተኛ ሲይዝ ያስመጥጡ። ክዳኑን ደግሞ ሴራሚክ አያልብሱት፤ የመኪናው ቧንቧ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሜትር ስለሆነ ታንኩ ከበሩ በዚያ ርቀት ውስጥ፣ ክዳኑም በእጅ የሚነሣ ይሁን።