የአይሪስን ስር አታልብሽው

እህቴ፣ «ባለ ጺሙን አይሪስ ከክረምት በፊት አጽድቼ እንደ ሌሎቹ አበቦች ጉዝጓዝ ላልብሰው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አጽጂው፤ ስሩን ግን አታልብሽው። እዚሁ ሐረር የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሰኔ መጨረሻ ላይ መደቡን በሙሉ ገራባ (የጫት ትራፊ) እና የቡና ገለባ አለበስኩት። ጥቅጥቅ አድርጌ፣ አራት ጣት ያህል። ነሐሴ ላይ አንዱን ቅጠል ስነካው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ገለባውን ገለጥ አደረግኩት። ሽታው አያድርስ ነው፣ የበሰበሰ ድንች! ስሩን ስጫነው ጣቴ ቅቤ እንደነካ ውስጡ ገባ። ከ17ቱ 11ዱ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።

ስሩ ዝንጅብል ይመስላል፣ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ዝንጅብል ጉዝጓዝ ይወዳል። አይሪስ ግን ጀርባው ከአፈር ብቅ ብሎ ፀሐይ ካላገኘና ውሃው ካልጠነፈፈለት ባክቴሪያ ያበሰብሰዋል። ትኩስ ፍግም አታብዢበት፣ ያለሰልሰዋል። ድሬ ያላችሁ፣ ፀሐዩ ስለሚበረታ የከሰዓት ጥላ አይጎዳውም፤ ስሩን መሸፈን ግን እዚያም አይሆንም።

ስታጸጂ የደረቀውን ቅጠል ወደ ጎን ሳብ አድርጊው፣ በራሱ ይለቃል። እምቢ ካለ አትታገዪው፣ በመቀስ ቁረጪው። አረንጓዴውን አትንኪ፤ ለሚቀጥለው አበባ ስንቅ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ቡናማ ነጠብጣብ የወጣበትን ከነጠብጣቡ ዝቅ አድርገሽ ቁረጪና አቃጥዪው። አበባው ያለቀበት ዘንግ ከታች ይቆረጥ። አረሙን በእጅ ንቀዪ። ዶማ ስሩን ካቆሰለው በሽታው በዚያው ቁስል ነው የሚገባው።

የለሰለሰ ስር ካገኘሽ ቶሎ አትጣይው። እኔ ጠንካራው ነጭ ሥጋ እስኪመጣ ድረስ የላላውን በማንኪያ ፋቅኩት። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጬ ነከርኩት። ሦስት ቀን አየር ላይ አድርቄ ከፍ ባለ መደብ ተከልኩት። ከ11ዱ አራቱ ድነዋል። አንዱ በሁለተኛው ዓመት ሐምራዊ አበባ ሲሰጠኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ጉዝጓዝ የግድ ካልሽ በተክሎቹ መካከል ብቻ፣ ስስ አድርገሽ፣ ከስሩ አንድ ስንዝር አርቀሽ። እኔ አሁን የማደርገው ጠጠር ነው፣ ውሃ አይቋጥርም። ገራባው ለፍየሎቹ ይሁን። እስካሁን ያለበስሽበት ነገር ካለ ሐምሌ ሳይገባ ዛሬውኑ አንሺለት።