0.7 ያሳፍራል ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ፣ ተነጋግረው የላኩት ይመስል፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፦ የሒሳብ ጆርናል። የገንዘብ ያዥ መዝገብ የመሰላችሁ ካላችሁ አይደለም። ማቲማቲክሱን፣ የምርምር ፔፐር የሚወጣበትን መጽሔት ነው። ዓመቶቹን ደግሞ ጆርናሎቹ ላይ እንዳሉት በፈረንጅ አቆጣጠር ትቻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመልክቼ ፋይሌ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። አንዱ አባል የግብርና ሰው ናቸው። «ይሄ ጆርናል ኢምፓክት ፋክተሩ 0.7 ነው፤ የጓደኛህ እኮ 4 ነጥብ ምናምን ነው» አሉኝ። ጆርናሉ በእኛ ዘርፍ የተከበረ ነው፤ እኔ ግን በሰው ፊት አፌ ተያዘ። ምን ማለት ነበረብኝ? (መምህሩ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስሌቱን እዚያው ሰሌዳ ላይ ብትሠራላቸው ይበቃ ነበር። ሒሳብ አስተማሪ አይደለህ?

ኢምፓክት ፋክተርን ያመጣው ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሐሳቡን በ1955 አነሣው። በ1975 ጆርናሎችን በዚህ ቁጥር የሚደረድረው ዓመታዊ ሪፖርት መውጣት ጀመረ፤ ዛሬ ሪፖርቱን የያዘው ክላሪቬት የሚባል ኩባንያ ነው። ስሌቱ የ5ኛ ክፍል ነው። እንበልና አንድ ጆርናል ካቻምና 40፣ አምና 40 ፔፐር አወጣ። እነዚህ 80 ፔፐሮች ዘንድሮ በድምሩ 56 ጊዜ ተጠቀሱ። 56ን ለ80 ስታካፍል 0.7። ያንተው ቁጥር መጣች።

ጣጣው «ካቻምናና አምና» የምትለዋ ላይ ነው። በሕክምናና በባዮሎጂ አዲስ ፔፐር ሲወጣ ሌላው ላብራቶሪ ወዲያው ይዞት ይሠራል፣ ወዲያው ይጠቅሰዋል። እኛ ቤት ፔፐሩን አንብቦ መረዳት ብቻውን ወራት ይበላል። ከዚያ ተነሥቶ አዲስ ነገር ማረጋገጥ ሌላ ዓመት ነው። ጽፈህ ስትልከው ገምጋሚው እያንዳንዷን መስመር ራሱ መፈተሽ አለበት፣ ያውም ከማስተማሩ ጎን፣ ያውም በነፃ፤ ተቀባይነት ካገኘም በኋላ የኅትመት ወረፋ አለ። ስለዚህ ያንተን ፔፐር በወጣበት ቀን አንብቦ የወደደልህ ሰው እንኳን፣ ጥቅሱ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱ ዓመት ላሽ ብሏል።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። አንድሩ ዋይልስ ከ350 ዓመት በላይ የቆየውን የፌርማን ጥያቄ የፈታበት ፔፐር በ1995 አናልስ ኦፍ ማቲማቲክስ ላይ ወጣ። 109 ገጽ ነው። በኢምፓክት ፋክተር ሕግ ይህ ፔፐር ለጆርናሉ የሚያስቆጥርለት በ1996 እና በ1997 የተጠቀሰውን ብቻ ነው። ዋይልስ የጀመረውን መንገድ ብረይ፣ ኮንራድ፣ ዳይመንድና ቴይለር ዳር አድርሰው ያሳተሙት ግን በ2001 ነው። ከዋይልስ ሥራ የበቀለ ትልቅ ፍሬ ነው፤ በዚህ ቁጥር ግን ዋጋው ዜሮ። ሌላም አለ። የሃንጋሪው ሴሜሬዲ በ1975 ያሳተመውን ውጤት ቤን ግሪንና ቴሬንስ ታኦ ለዋና ቁጥሮች (ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ ለማይካፈሉት፣ ፕራይም ለሚባሉት) ሥራቸው መሠረት አደረጉት፤ የእነሱ ፔፐር አናልስ ላይ የወጣው በ2008 ነው። ቁጭ ብለህ ቀንስ። 33 ዓመት።

ይህን የምለው የራሴን ሰፈር ለመከላከል ብቻ እንዳይመስልህ (ትንሽ አለበት)። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረት ከሁለት ሌሎች ማኅበራት ጋር ሆኖ በ2008 ባወጣው ሪፖርት፣ በሒሳብ 90 በመቶ ያህሉ ጥቅስ ከሁለት ዓመቷ መስኮት ውጭ እንደሚወድቅ ጽፏል። ኮሚቴው የመዘነህ በቀረችው አንድ አሥረኛ ነው።

ሰውዬው ከጓደኛህ ጋር ካወዳደሩህ ደግሞ አንተም ጨዋታውን ቀጥልበት። በ1884 የተመሠረተው፣ ፕሪንስተን ላይ የሚዘጋጀው አናልስ፣ የሒሳብ ሰው ሁሉ አንዴ እንኳ ቢወጣልኝ ብሎ የሚመኘው ጆርናል ነው፤ ኢምፓክት ፋክተሩ ግን 10 አይሞላም። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ለሐኪሞች የሚያሳትመው ጆርናል የ2020ው ቁጥሩ ከ500 በላይ ነበር። በዚህ ሚዛንማ 4 ነጥብ ምናምኗም አፈር ትበላለች።

አሁን ወደ ተግባሩ። ስትመለስ አትከራከር፣ ወረቀት ይዘህ ግባ። አንደኛ፣ ጆርናልህ ከሒሳብ ጆርናሎች መካከል ስንተኛ እንደሆነ አሳይ። ያቺ 0.7 በንጹሕ ሒሳብ ዝርዝር ውስጥ እንደ ዓመቱ ከመሐል የማትርቅ ልትሆን ትችላለች። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ማትሳይኔት በሚባለው የሒሳብ ፔፐሮች ማውጫው ላይ የሚያወጣው ኤምሲኪው የሚባል መለኪያ አለ፤ ከሁለት ይልቅ አምስት ዓመት ይቆጥራል፣ ጥቅሱንም የሚወስደው ከሒሳቡ ዓለም ነው። ሦስተኛ፣ የኤዲተሮቹን ስም ዝርዝር አትመህ አያይዝ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ። ጆርናሉ የተከበረ መሆኑም ቢሆን ስላንተ ፔፐር ብዙ አይናገርም። ቅድም ከቆጠርናቸው 56 ጥቅሶች 30ው የአንድ ሰርቬይ ፔፐር (የሌሎችን ሥራ ሰብስቦ የሚያስቃኝ) ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ብርቅ አይደለም። የቀሩት 79 ፔፐሮች 26ቱን ይካፈላሉ፣ አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን። ስለዚህ ሥራህን የሚያውቅ አንድ የውጭ ገምጋሚ ሁለት ገጽ ቢጽፍልህ ከቁጥሩ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ መጨቃጨቁ ምን ያደርጋል? ቁጥሩ ከፍ ያለ የሒሳብ ጆርናል ፈልጌ እዚያ ባወጣስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይቻላል። ቁጥሩ ለምን ከፍ እንዳለ ግን መጀመሪያ ጠይቂ።

ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ኖንሊኒየር ሳይንስስ ኤንድ ኑሜሪካል ሲሙሌሽን የሚባል ጆርናል ነበር። ከ2006 እስከ 2009 ድረስ በተግባራዊ ሒሳብ ዝርዝር አንደኛ ነበር። የ2008 ቁጥሩ 8.91፤ ሁለተኛ የወጣው፣ ሁሉም የሚያከብረው ጆርናል 3.69። የዘርፉ ሰዎች ግራ ገባቸው። ዳግላስ አርኖልድ የተባለ የሒሳብ ሰውና ክሪስቲን ፋውለር የተባለች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቁጭ ብለው ጥቅሶቹን አንድ በአንድ ፈተሹና ውጤቱን በ2011 አወጡት። ከጥቅሱ ብዙው የመጣው ከጆርናሉ ከራሱ አዘጋጆችና የእነሱ እጅ ካለባቸው ሌሎች ኅትመቶች ሆኖ ተገኘ። ጥቅሶቹም ልክ በምትቆጠረው የሁለት ዓመት መስኮት ላይ ተከማችተው ነበር። ሠርግ ላይ አጃቢ ሆኖ የመጣው ሁሉ የሙሽራው የአጎት ልጅ ሲሆን እንደማለት ነው።

ይህ አልፎ የቀረ ታሪክ አይደለም። ክላሪቬት በየዓመቱ «ብዙ የተጠቀሱ ተመራማሪዎች» የሚል ዝርዝር ያወጣል፤ በ2023 ሒሳብን ከዝርዝሩ ጭራሽ አስወጣው። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሒሳብ ትንሽ ዘርፍ ነው፣ በአማካይ የሚጠቀሰውም ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ጥቂት ሰዎች ቢጠቃቀሱ ሠንጠረዡ ይገለበጣል አለ። እውነቱን ነው። በትንሽ ድስት ውስጥ አንድ ማንኪያ ጨው ብዙ ነው።

በእኔም ደርሷል። ስሙን የማልጠራው አንድ ጆርናል ፔፐሬን «በትንሽ ማስተካከያ» ተቀብሎ 7 ሥራዎችን እንድጠቅስ አዘዘኝ። አምስቱ የአንድ ሰው ናቸው። ከእኔ ርእስ ጋር የሚያገናኛቸው ሁሉም ላይ እኩል ይሆናል ምልክት መኖሩ ብቻ ነበር። ፔፐሩን አወጣሁና ሌላ ቦታ ላክሁ፤ 14 ወር ፈጀብኝ፣ አልጸጸትም ብል ግን ውሸት ነው፤ በመሐል ገንዘቡም ዕድገቱም አምልጦኛል።

«በሁለት ሳምንት መልስ እንሰጣለን» የሚሉትንም በዚሁ ተጠንቀቂ። ዪታንግ ዣንግ በዋና ቁጥሮች መካከል ስላለው ርቀት የጻፈውን በሚያዝያ 2013 ለአናልስ ልኮ በግንቦት ተቀባይነት ሲያገኝ ፍጥነቱ ራሱ መነጋገሪያ ሆነ። ያ እንግዲህ ገምጋሚዎቹ ሌላ ሥራቸውን ጥለው ያነበቡት፣ በስንት ዘመን አንዴ የሚመጣ ሥራ ነው። ያንቺንና የእኔን ማን ሥራውን ጥሎ ያነብልናል?

ጥያቄ፦ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። አማካሪዬ የአንድ ሒሳብ ጆርናል የ10 ዓመት የምርምር አዝማሚያ እንድሠራ ነገሩኝ። ቁልፍ ቃላቱን ቮስቪወር በሚባል ሶፍትዌር ካርታ አድርጌያቸዋለሁ። ቀለሙ ያምራል፤ ግን ሒሳብ ስለማላውቅ ምን እንደሚል አልገባኝም። (ተማሪዋ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ሒሳብ የሚያውቀውም ላይገባው ይችላል። ካርታሽ መሐል ላይ «ኖርማል» የሚል ትልቅ ክብ አለ? ካለ ችግሩ እሱ ነው። አልጀብራ ውስጥ ኖርማል ሰብግሩፕ አለ። ስታቲስቲክስ ውስጥ ኖርማል ዲስትሪቢዩሽን አለ። ቶፖሎጂው የራሱ ኖርማል ስፔስ፣ የማትሪክሱም ሰው የራሱ ኖርማል ማትሪክስ አለው። ሶፍትዌሩ ቃሉን ያየና ሁሉንም አንድ ቤተሰብ ያደርጋቸዋል፤ ሰዎቹ ግን ሻይ እንኳ አብረው ጠጥተው አያውቁም።

ስለዚህ ቃል ትተሽ ኮድ ቁጠሪ። የሒሳብ ፔፐር አብዛኛውን ጊዜ ኤምኤስሲ የሚባል የምደባ ኮድ አለው። 11 ከሆነ የቁጥር ቲዎሪ ነው፣ 05 ኮምቢናቶሪክስ፣ 35 ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ 65 ኑሜሪካል አናሊስስ። በ2020ው ዕትም ላይ እንዲህ ያሉ ዋና ዘርፎች 63 ናቸው። ኮዶቹን ዜድቢማት ኦፕን ከሚባለው የሒሳብ ፔፐሮች ማውጫ ታገኛቸዋለሽ፤ ከ2021 ጀምሮ በነፃ ነው፣ የዩኒቨርሲቲሽ የይለፍ ቃል አያስፈልግሽም።

ስትቆጥሪ ድርሻውን እንጂ ብዛቱን አትከተይ። ጆርናሉ መጀመሪያ በዓመት 40 ፔፐር አውጥቶ 10ሩ የቁጥር ቲዎሪ ከነበሩ 25 በመቶ ነው። በኋላ 90 አውጥቶ 15ቱ ከሆኑ ወደ 17 በመቶ ወርዷል። በብዛት ካየሽው ግን «አደገ» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ፈታኙም ያኔ ያገኝሻል።

አንድ ዘርፍ በድንገት ብድግ ካለ ደግሞ «ዓለም ወደዚህ እየሄደ ነው» ከማለትሽ በፊት በዚያ ዓመት ልዩ ዕትም ወጥቶ እንደሆነ፣ አዲስ ኤዲተር ገብቶ እንደሆነ ፈትሺ። የትናንሽ ጆርናሎች አዝማሚያ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ኤዲተር ምርጫ ነው። ይሄን ቀላል ነገር ሳያይ የተጻፈ ጥናት ስንቱን አንብቤያለሁ መሰለሽ።

ጥቅሱንም ስትለኪ ለእያንዳንዱ ፔፐር እኩል ዕድሜ ስጪ፤ ለምሳሌ ከወጣበት ጀምሮ አምስት ዓመት። የ2015ቱን ከ2023ቱ ጋር ዝም ብለሽ ካወዳደርሽ አያትን ከልጅ ልጅ ጋር በልጅ ብዛት እንደማወዳደር ይሆናል። ክላሪቬት «የጥቅስ ግማሽ ዕድሜ» የሚለውን ቁጥርም ብታዪው ጥሩ ነው። ለብዙ የሒሳብ ጆርናሎች ከ10 ዓመት በላይ ነው፤ ማለትም ዘንድሮ ከሚጠቀሱት ፔፐሮቻቸው ከግማሽ በላዩ 10 ዓመት ያለፋቸው ናቸው። አማካሪሽ ይህን ቁጥር ምዕራፍ አራት ላይ ቢያገኙት ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ፦ ጀርመን ፒኤችዲ እየሠራሁ ነው። የአባቴ ስም በደብሊዩ ስለሚጀምር ፔፐሮቻችን ላይ ሁሌ መጨረሻ ነኝ። አገር ቤት ስመለስ «ሁሌ ጭራ ነሽ» እንዳልባል ፈራሁ። ስሜም በየቦታው የተለያየ ነው። (ከቦን)

መልስ፦ በሒሳብ የደራሲ ስም የሚሰለፈው በፊደል ተራ ነው። የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር በ2004 ይህንኑ በጽሑፍ አውጥቶታል፤ ሁለት ገጽ አይሞላም፣ አውርደሽ ከፋይልሽ ጋር አስቀምጪው። እዚህ ብዙ ኮሚቴዎች ለመጀመሪያው ስም ትልቁን ነጥብ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱ ያስፈልግሻል።

የስሙ ነገር ይብሳል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ፈረንጅ ግን ካልተሰጠው ራሱ ይፈጥራል። አንዱ ጆርናል ባባትሽ ይመዘግብሻል፣ ሌላው ፓስፖርትሽን አይቶ ባያትሽ፣ ሦስተኛው አገላብጦ በራስሽ ስም። ሦስት ሰው ሆነሽ ጥቅስሽን ትካፈያለሽ። ዛሬውኑ ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጪ፣ ነፃ ነው፤ ከዚያ አንድ አጻጻፍ ምረጪና እስከ ጡረታ አትቀይሪው። የድሮዎቹን ለማስተካከል ለማትሳይኔትና ለዜድቢማት «እነዚህ ሦስቱም እኔ ነኝ» ብለሽ ጻፊላቸው፤ የደራሲ ገጾችን ያዋህዳሉ። በአያትሽ ስም የተከፈተውን ገጽ ግን መጀመሪያ በደንብ ፈትሺው፣ የሌላ ሰው ፔፐር ተቀላቅሎበት ይሆናል።