የሮስተሩ ግራ በኩል

ልጆቼ፣ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 31 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። አብዛኛውን ጊዜ የክፍል ኃላፊም ስለነበርኩ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ሮስተር መሥራት የኔ ዕዳ ነበር። ያኔ ኮምፒውተር የለም። ትልቅ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ካልኩሌተርና እንቅልፍ ያጣ ሌሊት።

ሮስተር ቀኝ በኩል ድምር፣ አማካይና ደረጃ አለው። ግራ በኩል ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ። ርዕሰ መምህሩም ወላጅም እናንተም የምታዩት ቀኙን ነው። «ስንተኛ ወጣህ?» ይባላል፣ አለቀ። እኔም ለብዙ ዓመት ግራውን የምሞላው ቅጹ ስለሚጠይቅ ብቻ ነበር።

አንድ ዓመት 68 ተማሪ ያለው 9ኛ ክፍል ደረሰኝ። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው። ኩዊዝ የምሰጠው ያኔ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ አጥንተው ይመጣሉ ብዬ ነዋ! ሮስተሩን ስሠራ ግን ከታች የተሰለፉት ልጆች ዕድሜ ዓይኔን ያዘው። 18፣ 19፣ አንዱማ 21። የከተማዎቹ 15 ናቸው። የስም መጥሪያውን አውጥቼ አየሁ። ሰኞ ቀሪ፣ ሰኞ ቀሪ፣ ሰኞ ቀሪ።

የ21 ዓመቱን ልጅ ጠርቼ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ «ቲቸር፣ ስንቅ ልናመጣ ነው የምንሄደው» አለኝ።

ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ዓርብ ከትምህርት በኋላ በእግራቸው ወደ ገጠር ይወጣሉ። ቅዳሜና እሁድ እርሻው ይጠብቃቸዋል። ሰኞ ሌሊት ተነስተው በሶና ድርቆሽ ተሸክመው ሲደርሱ የኔ ኩዊዝ ተሰብስቧል። ዜሮ። ኩዊዙ ደግሞ ከመቶ 20 ይይዛል። ለካ ስለካ የከረምኩት መንገዱን ኖሯል።

ኩዊዙን ወደ ረቡዕ አዞርኩት። ሁሉም ጎበዝ ሆኑ አልላችሁም፣ ውሸት ይሆናል። ያ ልጅ ከ59ኛ ወደ 23ኛ መጣ። ጓደኞቹ ግን እምብዛም ፈቀቅ አላሉም። የነሱ ነገር ሌላ ነበር፦ እንግሊዝኛው። ጥያቄውን በአማርኛ ስነግራቸው ይሠሩታል፤ ወረቀቱን ስሰጣቸው ይደርቃሉ። አንዱን ችግር ያገኘ ሁሉንም ያገኘ ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች የተሰጠው፣ ውጤቱ ሲወጣ ይህ ሁሉ ትዝ አለኝ። ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፣ 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። «ትውልዱ ሰነፈ» ተባለ። ኩረጃ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አልክድም። ግን ሰነፍ ሁሉ ተጠራርቶ በ1,161 ትምህርት ቤት ይመዘገባል እንዴ? አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው ወጡ። ተመርጠው የገቡ ልጆች መሆናቸው አንድ ነገር ነው። እራታቸውም መብራታቸውም እዚያው መሆኑ ደግሞ ሌላ።

በ2017 ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፣ 8.4 በመቶ። ደስ ይላል። እኔ የድሮ ሮስተር ሠሪ ስለሆንኩ ግን መቶኛውን አይቼ አላቆምም። ከሦስት ዓመት በፊት ከተፈተኑት በ310,638 ያነሱ ልጆች ናቸው የተቀመጡት። የቀሩት የት ናቸው? ግጭት ትምህርት ቤት የዘጋባቸው እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ሮስተር ላይ ስሙ ያልሰፈረ ልጅ ወደቀም አይባልም።

እንግዲህ የኔ ምክር ይህ ነው፤ የራሳችሁን ሮስተር ሥሩ። ቀኝ በኩል ማርካችሁን ጻፉ፣ ዝቅ ያለውንም ሳትደብቁ። ግራ በኩል ደግሞ የቀራችሁበትን ቀን፣ ሥራ የዋላችሁበትን ሰዓት፣ ጥያቄው ራሱ ያልገባችሁን ትምህርት። ሴቶች ልጆቼ፣ ውሃ የቀዳችሁበትን ሰዓት እንዳትረሱ። ወንድማችሁ በዚያ ሰዓት ምን ሲሠራ እንደነበርም ጻፉት።

ከዚያ ወረቀቱን ለመምህራችሁ አሳዩ። አውቃለሁ፣ ያሳፍራል። ያ ልጅም እስክጠይቀው አንድ ሴሚስተር ሙሉ ዝም ብሎኛል። ይሉኝታው 36 ደረጃ አስከፍሎታል። መምህሩ ሊቆጣ ይችላል፤ እኔም በመጀመሪያ «ለምን አልነገርከኝም!» ብዬ ጮኬበታለሁ። በማግስቱ ግን ፕሮግራሙን ቀይሬያለሁ።

የከተማ ልጆች ደግሞ፣ ሰኞ አርፍዶ አቧራ ለብሶ የሚገባ ጓደኛ ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ረፍት ደብተራችሁን አውሱት። ማክሰኞ ይመልስላችኋል።