በሩን ተዉት፣ ወገቡን አቅኑ

ከሚላኖ የመጣ ጥያቄ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ከወንድሜና ከሁለት ልጆቼ ጋር የ1974 እ.ኤ.አ. አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር እያደስን ነው። የምንሠራው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ከበሮቹ ስር ያለው ላሜራ በዝገት ተበልቶ ስለነበር ግራና ቀኙን ቆርጠን አወጣነው። በሳምንቱ ስንመለስ የግራው በር አልዘጋም አለ። ከላይ በኩል የኋላውን ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለውን ላሜራ) ይነካል፣ ከታች ግን ጣት ያስገባል። ወንድሜ ‹ማጠፊያው አልቋል፣ ካልሆነም የበሩን ጠርዝ በግራይንደር ትንሽ እንላጠው› ይላል። የ14 ዓመቷ ልጄ ደግሞ ‹ሳንቆርጠው በፊት ይዘጋ ነበር እኮ› ትላለች። ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ምን ይሻለናል?»

ልጅቷ ትክክል ናት። ግራይንደሩ ወደ ሳጥኑ ይመለስ። ማጠፊያ በአንድ ሳምንት አያልቅም፣ ያውም ቆሞ በሰነበተ መኪና ላይ። በሩ ምንም አልሆነም። የተበላሸው በሩ የሚገባበት ክፍት ቦታ ነው።

ልጆቹ በእጃቸው እንዲያዩት የጫማ ካርቶን አምጣ። ጫፍና ጫፉን መጽሐፍ ላይ አስቀምጥና ከነክዳኑ መሃሉን ተጫነው። ብዙም አይበገርም። አሁን ክዳኑን አንሳና ድገመው። ጣሪያ ያለው መኪና ክዳኑ ያልተነሳ ካርቶን ነው። ስፓይደር ክዳን የለውም። ሸራው ከዝናብ ያስጥላል እንጂ ከመጉበጥ አያስጥልም። ስለዚህ የፊቱንና የኋላውን አካል አያይዞ የሚያቆመው ወለሉ ነው፣ ካምቢዮው የሚያልፍበት መሃለኛው ጉብታ ነው፣ ከሁሉም በላይ ግን በግራና በቀኝ ከበሩ ስር የሚሄደው ሳጥን መሰል ብረት ነው። እዚያው አገር መለዋወጫ ቤት ስትገባ «ሶቶፖርታ» በላቸው። ከውጪ ሲያዩት አንድ ላሜራ ይመስላል። ሦስት ነው፤ ውጨኛ፣ መሃለኛና ውስጠኛ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲበየዱ ነው ወገብ የሚሆኑት። እናንተ ውጨኛውንና መሃለኛውን በሁለቱም ጎን አነሳችሁ። መኪናዋ ወገቧ ተቆርጦ ሳምንት ቆመች።

ፎቶህን አጉልቼ አየሁት። መኪናዋ የቆመችባቸው ካባሌቶዎች (የብረት መደገፊያዎች) ሁለቱ ከፊት እግሮቹ ስር፣ ሁለቱ ከኋላ አክስሉ ስር ናቸው። ጫፍና ጫፉ ተይዟል፣ መሃሉ አየር ላይ ነው። ስለዚህ መሃሉ ወረደ። መሃሉ ሲወርድ የበሩ ክፍተት ከላይ ይጠባል፣ ከታች ይሰፋል። አንተ የጻፍከውም ይህንኑ ነው። ድጋፉ መሃል ላይ ሆኖ አፍንጫና ጭራዋ ቢንጠለጠሉ ኖሮ ተቃራኒውን ታይ ነበር። የበር ዙሪያ ክፍተት ለሚያነበው ሰው መኪናዋ የት እንደጎበጠች ይናገራል።

መፍትሔ አለው፣ አትደንግጡ። አሁን ልትሠሩት የምትችሉት አንድ ከባድ ስህተት ብቻ ነው። እሱም እንዲህ እንደጎበጠች አዲሱን ሶቶፖርታ መበየድ ነው። ያን ጊዜ ጉብጠቷ ለዘለዓለም ይታሰራል።

ይህን የተማርኩት በሰው መኪና ነው። አዲስ አበባ በባትላሜራነት ዓመታት ስሠራ የቆየሁት ጣሪያ ባላቸው መኪናዎች ላይ ነበር። አንድ ቀን ጣሪያ የሌላት ትንሽ ፊያት መጣች። እንደለመድኩት ሁለቱንም ጎን ቆረጥኩ፣ አዲስ ላሜራ አስገባሁ፣ በየድኩ። ብየዳው ያምር ነበር። በሩ ግን በጉልበት ከስር ገፋ ካላደረጉት አይዘጋም። ባለቤቱ «ድሮ በአንድ ጣት ነበር የምዘጋው» አለኝ። ሁሉንም ቆርጬ ጥዬ ከኪሴ እንደገና ሠራሁት። ያን ብየዳ በግራይንደር ስቆርጠው የተሰማኝን አልነግርህም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የባትሪውን ኬብል ንቀል። የነዳጅ ታንኩ ከኋላ ነው፣ አውጥታችሁ ከጋራዡ ውጪ አርቃችሁ አስቀምጡት። ከወለሉ ስር የሚያልፉትን የቤንዚንና የፍሬን ቱቦዎች ተመልከቱ። ምንጣፍና የወለል ሬንጅ ካለ ይነሳ። ሬንጅ ቀስ ብሎ ነው የሚቀጣጠለው፣ ሰው ምሳ ሲሄድ። እሳት ማጥፊያ ከእጅ አይራቅ።

ቀጥሎ መኪናዋ ግራና ቀኟ እኩል መቆሟን አረጋግጡ። የጋራዥ ወለል አብዛኛውን ጊዜ ውሃ እንዲወርድበት ስለሚያዘነብል አትመኑት። ግንበኞች የሚያደርጉትን አድርጉ። ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ውሃ ሙሉና አንዱን ጫፍ በግራው፣ ሌላውን በቀኙ ሶቶፖርታ ቦታ ያዙት። ውሃው ሁለቱም ጋ እኩል ቁመት ላይ እስኪቆም ካባሌቶዎቹን አስተካክሉ።

ከዚያ ሁለት ክሪክ ያስፈልጋችኋል። አንድ ሜትር የሚሆን ወፍራም ጣውላ ከውስጠኛው ላሜራ ስር ርዝመቱን ይዞ ይግባ። ጣውላው ጫናውን ካልበተነው ክሪኩ የበሰበሰውን ብረት በስቶ ይወጣል። ፎቶው ላይ የግራው ውስጠኛ ላሜራ ከፊት በኩል አንድ ስንዝር ያህል ተበልቷል፣ እዚያ ጋ አትደግፉ። ግራና ቀኙን በእኩል፣ በጣም በቀስታ ከፍ አድርጉ። ትንሽ ከፍ፣ ቆም፣ ለካ።

መለኪያው የልጅቷ ይሁን። የትራፓኖ ፑንታ (የመብሻ ማሽን ጫፍ) ስጣት፣ ባለ 4ና ባለ 5 ሚሊሜትር። ፑንታውን በበሩ ጠርዝና በፓራፋንጎው መካከል ከላይ እስከ ታች እያስገባች ትሞክር። ባለ 4ው ላይም ታችም ሲገባ፣ ባለ 5ቱ ሁለቱም ቦታ ያዝ ሲያደርገው ደርሳችኋል። የዛሬ መኪና ላይ የምታዩትን ክፍተት ግን አትመኙ። አካሏን የሠራው የፒኒንፋሪና ፋብሪካ ሠራተኞች የዚያን ዘመን ስፓይደር በእጅ እያስተካከሉ ነበር የሚጨርሱት። ገና ከፋብሪካ ስትወጣም ግራና ቀኟ መንታ አልነበሩም።

የበሩ ክፍተት ብቻውን ግን አይበቃም። መኪናዋ ልትጣመምም ትችላለችና ሦስት ልክ ውሰዱ። አንደኛው ከላይኛው ማጠፊያ ቡሎን እስከ በሩ መቆለፊያ መንጠቆ ያለው ርቀት ነው፣ በግራም በቀኝም። ሁለተኛው መስቀለኛ ነው። ከግራው ማጠፊያ እስከ ቀኙ መንጠቆ፣ ከቀኙ ማጠፊያ እስከ ግራው መንጠቆ። እኩል ካልመጡ አንዱ ጎን ቀድሟል። ሦስተኛው ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ነው። ለዚች መኪና 2,250 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ሦስት ሚሊ ቢዛነፍ ራስህን አታሳምም፣ ግራና ቀኙ መቀራረባቸው ይበልጣል። ሁሉም በደብተር ይጻፍ። ከዚያ መብራት አጥፍታችሁ ቤታችሁ ግቡ። ጠዋት ድገሙት። ብረት ሌሊቱን ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ክሪክም ያፈሳል።

የጠዋቱ ልክ ከማታው ጋር ከተስማማ ማሰሪያ ሥሩ። 25 በ25 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይበቃል። በእያንዳንዱ የበር ክፍት ቦታ ሁለት ሁለት፣ አንዱ ከፍ ብሎ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ ከፊተኛው ምሰሶ እስከ ኋለኛው። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ አንድ ወይም ሁለት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ማሰሪያውን በበሩ መግቢያ ላይ ያደርጉትና በሩ ሊዘጋ አይችልም። ሥራው እስኪያልቅ በሩን ሳይሞክሩ ይበይዳሉ፣ መጨረሻ ላይ ያለቅሳሉ። ቱቦላሬው ወደ ውስጥ፣ ወደ መቀመጫው በኩል ይግባ። በሩ ከነማሰሪያው መዘጋትና መከፈት አለበት። የቀበቶ ማሰሪያ ቡሎን ያለበት ቦታ ላይ በቡሎን ብታስሩት ደግሞ በኋላ መቁረጥ አይኖርባችሁም።

ልጅህ እዚህ ስትደርስ «ይሄ ሰውዬ የሚጽፈው አማርኛ ነው ጣሊያንኛ?» ማለቷ አይቀርም። ላሜራ፣ ካባሌቶ፣ ትራፓኖ፣ ፑንታ፣ ቱቦላሬ። የእኛ አገር ጋራዥ ከጣሊያኖች የወረሰው ነው። ሚላኖ ሱቅ ገብታ ትጠይቅበት፣ አብዛኛው ይሠራል።

ሶቶፖርታውን ላሜራ አጥፋችሁ ለመሥራት አትድከሙ። ስፓይደር በ1966 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ከታየች ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ተመርታለች። የመጀመሪያዎቹን ጭራቸው ክብ ስለሆነ ጣሊያኖቹ «ኦሶ ዲ ሴፒያ» (ሴፒያ የተባለ የባሕር እንስሳ አጥንት) ይሏቸዋል። ከ1970 ወዲህ ጭራዋ ተቆረጠና «ኮዳ ትሮንካ» ተባለች፣ የእናንተዋ ይህች ናት። ከላይ መልኳ ቢለዋወጥም የታችኛው አካል ብዙም ስላልተነካ ዛሬም ላሜራው እየተሠራ ይሸጣል። ሦስቱንም ግዙ። ተገዝቶ የመጣ ግን ልክክ ይላል ብላችሁ አትጠብቁ። መከርከም አለበት።

አሁን ግራውን ብቻ ጀምሩ። ቀኙ ታስሮ ይጠብቅ። ቅደም ተከተሉ ውስጠኛ፣ መሃለኛ፣ ውጨኛ ነው። እያንዳንዱን መጀመሪያ በመያዣና በትንንሽ ቪት አስሩት፣ በሩን ዝጉ፣ ፑንታዋን አስገቡ። ልክ ከሆነ ነጥብ ነጥብ ብቻ በይዱ። በሩን እንደገና ዝጉ። ከዚያ ነው ሙሉው ብየዳ የሚመጣው። ፋብሪካው በነጥብ የበየደበት ጠርዝ ላይ፣ በአዲሱ ላሜራ 8 ሚሊ ቀዳዳ በየ4 ሳንቲሜትሩ ብሱና በሚግ (ሽቦ እየመገበ በሚበይደው) ብየዳ ሙሉት። 0.6 ሚሊ ሽቦ ለዚህ ስስ ብረት ይበቃል። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እየተከተሉ መሄድ ክልክል ነው። አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ አንድ ከመሃል። የተበየደ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር መኪናዋን ይስባታል። በእጅ የማይነካ ከሆነ ቡና ጠጡ።

ተደራርበው የሚበየዱት ፊቶች ላይ ለብየዳ የሚሆን የዚንክ ቀለም ቀቡ። ጋራዡ ክፍት ይሁን፣ የዚንክ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ሁሉም ሲያልቅና ሲቀለም ወደ ሶቶፖርታው ውስጥ ሰም በቀጭን ቱቦ ይረጫል። ከታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን አትድፈኑ። መጀመሪያ የበሰበሰው በእነሱ መደፈን ነው። ከሸራው የሚወርደው ውሃና ከወለሉ የሚሰርገው እዚያ ይጠራቀማል። ፎም ሞልተውበት የመጣ መኪና ገጥሞኝ ያውቃል። ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ከብረት ጋር ታስሮ ማለት ነው። ስቱኮ ደግሞ ለመጨረሻ ፊት ማስተካከያ እንጂ ለወገብ አይሆንም። ይህን ለወንድምህ ለብቻው ንገረው።

ሁለተኛውን ልጅ ዕድሜውን አልነገርከኝም። የሽቦ ብሩሽ፣ መነጽርና ጓንት ይሰጠው። ቡሎኖቹን በላስቲክ እየከተተ የየት እንደሆኑ ይጻፍባቸው። ይህ ትንሽ ሥራ እንዳይመስለው፣ ከስድስት ወር በኋላ ሁላችሁም እሱን ነው የምትለማመጡት። መብየጃው ሲበራ ግን ልጆቹ ከጋራዡ ይውጡ ወይም የብየዳ ማስክ ያድርጉ። ብየዳ የመታው ዓይን ወዲያው አይታወቅም። ሌሊት ነው አሸዋ የተደፋበት ያህል የሚያነቃው።

ለአንድ ጎን ሦስት አራት ቅዳሜ መድቡ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ብየዳ የለም። ጣውላው፣ ክሪኩና ፑንታው ብቻ። የማታውንና የጠዋቱን ቁጥሮች ልጅቷ ከደብተሯ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። አይቼ እስክመልስ ድረስ መብየጃው ከሶኬት ተነቅሎ ይቆይ።