«ባዶ ጥይት» ወይስ «ጫፈ ጎድጓዳ»?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። አንድ የክስ ሰነድ በሽጉጥ ውስጥ የተገኙትን ጥይቶች በጫፋቸው ቅርጽ ይለያቸዋል፤ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ መካከሉ የተቦረቦረ እያለ። የመጨረሻውን አንድ ባልደረባዬ «ባዶ ጥይት»፣ ሌላዋ ደግሞ «ፈንጂ ጥይት» ብለው ተረጎሙት። የትኛው ይሻላል? ለሌሎቹስ የአማርኛ ስም አላቸው?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉአቸው። «ባዶ ጥይት» የተባለ ሰው የሚረዳው አረር የሌለውን፣ ለልምምድ ወይም ለክብር ሰላምታ የሚተኮሰውንና ድምፅ ብቻ ያለውን ጥይት ነው። እርስዎ ባሉበት ግዛት ሕግ ግን ጫፉ የተቦረቦረ ጥይት ይዞ መገኘት፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። «ባዶ ጥይት ይዘሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ተከሳሽ ምንም ክፋት ሳይታየው «አዎን» ቢል በአንድ ቃል ስህተት ራሱን ወነጀለ ማለት ነው። «ፈንጂ ጥይት» ደግሞ በተቃራኒው ያጋንናል፤ ጥይቱ ውስጡ የሚፈነዳ ነገር ያለው ያስመስለዋል። የለውም። ያለው ከጫፉ ላይ ጎድጎድ ያለ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ሥጋ ሲመታ ጉድጓዱ ይሞላና ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ እንደ እንጉዳይ ጃንጥላ ይዘረጋል። ስለዚህ ግሡም «ይፈነዳል» ሳይሆን «ይዘረጋል» ወይም «ይሰፋል» ሊሆን ይገባል።

ወደ ስሞቹ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። በአማርኛ «ጥይት» ስንል ሁለት ነገር እንላለን፤ ከእነ ቀለሃው ያለውን ሙሉውን፣ ደግሞም ከአፈ ሙዙ ወጥቶ የሚበረውን። በዕለት ንግግር ይህ አያስቸግርም። በፍርድ ቤት ግን ያስቸግራል፤ መሬት ላይ የሚገኘው ቀለሃ፣ ከግድግዳ የሚወጣው ሌላ ነውና። ለሚበረው «እርሳስ» የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ዛሬ ከመዳብ ብቻ የተሠራም ስላለ ቃሉ አይበቃም። እኔ የምመርጠው «አረር»ን ነው። የቆየ፣ አጭር፣ ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው። ቀለሃና አረር ብለው ከለዩ፣ የቅርጹ ጉዳይ የአረሩ ብቻ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

አሁን ወደ ጫፉ። እንግሊዝኛው ይህን ክፍል አፍንጫ ይለዋል፤ እኛም ለአፍንጫ ቅርጽ የቃል ድህነት የለብንም፤ ሰልካካ፣ ጎራዳ፣ ደፍጣጣ እንላለን። ጠፍጣፋውን አረር «ጎራዳ» ብሎ መጥራት በእውነት ያጓጓኛል። ነገር ግን አማርኛ ለመሣሪያ የሰጠው አፍን እንጂ አፍንጫን አይደለም፤ «የጥይት አፍንጫ» ቢሉት ሰሚው መጀመሪያ ይገረማል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚረዳው። «ጫፍ» ይሻላል። ቃሉን የምናበጅበት መንገድም ዝግጁ ነው፤ ራሰ በራ፣ ልበ ሙሉ፣ እጀ ሰፊ የምንልበት። በዚሁ መንገድ ጫፈ ክብ፣ ጫፈ ጠፍጣፋ፣ ጫፈ ጎድጓዳ ይሆናል። «ጎድጓዳ»ን የመረጥሁት ጎድጓዳ ሳህንን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ስለሌለ ነው። «ቀዳዳ» ግን አይሆንም፤ ከዚህኛው ወገን ወደዚያኛው የዘለቀ ያስመስላል።

ጫፈ ክቡ በሽጉጥ በብዛት የሚታየው ነው። ምክንያቱን የገዛ ቃላችን ይነግረናል። ጥይት እናጎርሳለን እንላለን፤ የተሞለሞለ ጉርሻ ጉሮሮ እንደማያንቅ ሁሉ፣ ክቡም ጫፍ ሳይደነቃቀፍ ወደ በርሜሉ ይገባል። ጫፈ ጠፍጣፋው ብዙ ጊዜ አናቱ የተቆረጠ ሾጣጣ ነው።

ሰነድዎ ላይ ባይኖርም ሌላ ቦታ የሚገጥምዎት አራተኛ ዓይነት አለ። ጫፍ የሚባል ነገር የለውም፤ እንደ ቁራጭ ዘንግ ድፍን ብሎ ያልቃል። በተለይ በሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚሽከረከር ጎተራ በሚቀመጥበት ሽጉጥ፣ ለዒላማ ውድድር ይውላል፤ ክቡ ወረቀቱን ሲቦጫጭቀው፣ ይህኛው እንደ ወረቀት መብሻ ጥርት ያለ ክብ ቀዳዳ ስለሚያወጣ ነጥብ ለመቁጠር ይመቻል። «ጉርድ አረር» ቢሉት ጉርድ ቀሚስና ጉርድ ፎቶግራፍ የሚል ሰው ሁሉ ይገባዋል። ከጉርዱ ላይ አጭር ሾጣጣ የወጣለትን «ባለ ትከሻ ጉርድ» ይበሉት፤ ወረቀቱን የሚቆርጠው ትከሻው ነውና።

ሙሉ በሙሉ በብረት የተለበጠውን ከእነዚህ ጋር አይደርድሩት። እርሱ የልባስ እንጂ የቅርጽ ስም አይደለም፤ ልባሱ ሙሉ የሆነ አረር ጫፈ ክብም ጫፈ ጠፍጣፋም ሊሆን ይችላል።

«ዱምዱም» የሚለውን ቃልም ከዕድሜ ባለጸጎች ሰምተው ይሆናል። በሕንድ፣ በካልካታ አቅራቢያ እንግሊዞች የጥይት ፋብሪካ የነበራቸው ቦታ ስም ነው፤ በአካል ውስጥ ለሚዘረጋ ጥይት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለው ጥይት በጦርነት እንዳይተኮስ በሄግ ከተማ ጉባኤ የተከለከለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን «ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ይተኩሳሉ» እያለች ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትከስ፣ ራሷ የመርዝ ጋዝ ከአየር ታወርድብን ነበር። ቃሉ ይህን ሁሉ ታሪክ ተሸክሞ ስለሚመጣ ለአንድ ሰው የሽጉጥ ክስ አይውልም፤ ክብደቱ ዳኛውንም ተከሳሹንም ያሳስታል።

ብዙ ቁጥሩን በተመለከተ፣ ቁጥር ከቀደመ «ጥይቶች» ማለት ግድ አይደለም፤ አሥር ጥይት እንላለን። ስለዚህ በሰነዱ የተገኙት ስድስት ቢሆኑ ዓረፍተ ነገርዎ እንዲህ ይሁን፦ «በሽጉጡ ውስጥ ስድስት ጫፈ ጎድጓዳ ጥይት ተገኝቷል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠሩት ግን «ይህም የአረሩ ጫፍ ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ማለት ነው» የሚል ማብራሪያ ለማከል ፍርድ ቤቱን ያስፈቅዱ።